ጎበዜ ፍልሰታን ሲጾም

«እበላዋለሁ አላልኩም እኮ!» አለ ሸዋንግዛው።

«ታዲያ ምን ልታደርገው ነው? ልትሳለመው?»

ወለተሐና ጆንያውን በሁለት ጣቶቿ ጫፍ አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆማለች። ጆንያው ውስጥ የፍየል ታፋ አለ፤ ከነአጥንቱ፣ ከነጮማው፣ ደሙ ገና ያልደረቀ። ቀኑ እሑድ ነው፤ ወሩ ነሐሴ፤ ጾሙ ፍልሰታ። ከቅዳሴ ተመልሳ ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ ባሏን ከአልጋው ሥር ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ወደ ውስጥ ሲገፋ አገኘችው። ሰው ከአልጋ ሥር የሚገፋው ነገር መልካም ሆኖ አያውቅምና ጎትታ አወጣችው።

«ደግሞ የከሊፋ ነው» አለች።

ይህን ለማወቅ ማሽተት አላስፈለጋትም። በፍልሰታ የነገሌ ክርስቲያን ሥጋ ሻጮች ቢላዋቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጣሉ፤ አርዶ የሚሸጠው ከሊፋ ብቻ ነው። እንግዲህ ባሏ ጾም መግደፉ ሳያንሰው ሙስሊም ያረደውን ሊበላ ነው ማለት ነው። አንደኛውን ኃጢአት ለንስሐ አባቷ እንዴት ብላ እንደምትነግር ሳታስብ ሁለተኛው ተደረበባት።

«ሃምሳ አለቃ!» አለችው። ሲቀናት «ሸዋዬ» ነው የምትለው፤ ማዕረጉን የምትጠራው ክፉ ቀን ሲመጣ ነው። «እኔ ልጅ በሆዴ ይዤ፣ ስለት ተስዬ፣ አንተ በአልጋዬ ሥር ሥጋ ትደብቅብኛለህ?»

ወለተሐና ጾም አክባሪ ናት። ያውም ብቻዋን አታከብርም፤ ጎረቤቱም ማክበሩን እግረ መንገዷን ታያለች። የማን ድስት ምን እንደሚሸት ከአጥር ማዶ የምትለይ ሴት የፍየል ታፋ ከገዛ አልጋዋ ሥር ሲገኝባት ምን እንደሚሰማት መቼም መናገር አያሻም።

«ለአንበሳው ነው» አለ ሸዋንግዛው በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ይህን ሲላት ባሰባት። «ለጎበዜ? ጎበዜ እየጾመ አይደለም እንዴ? ከዋሸህ አይቀር አሳምረህ ዋሽ እንጂ!»

«አይጾምም፣ ወለቴ።»

«አይጾምም?»

«ታሟል። እየሞተ ነው።»

ጆንያው ከጣቶቿ አምልጦ መሬት ወደቀ።

ጎበዜ የፊታውራሪ ጉግሳ አንበሳ ነው። ፊታውራሪ የጠረፍ ዘበኛው አለቃ ናቸው፤ ጣሊያን የጭነት መኪናዎቹን ያቆምበት የነበረውን ግቢ ይዘው፣ ከተሰባበሩት መኪናዎች ብረት ቤት አሠርተው አራዊት ያኖሩበታል። መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ እጅ መንሻ ነበር ይባላል። መንገዱ ሲበላሽ፣ መኪናው ሲታጣ፣ እጅ መንሻው እዚያው ቀረ፤ አንድ አንበሳ፣ አንድ ጅብ፣ እግሯን የምታነክስ ሰጎን፣ ጥቂት ዝንጀሮዎች፣ እና ሲንቀሳቀስ ማንም አይቶት የማያውቅ ዔሊ። እሑድ እሑድ በሩ ይከፈትና የከተማው ሰው ከቅዳሴ መልስ ልጆቹን ይዞ ይጎበኛል። ነገሌ ሌላ የሚታይ ብዙም ስለሌላት ዔሊው ሳይቀር ተመልካች አያጣም።

ጾሙ በገባ ዕለት ጎበዜ ሥጋ አልነካም። ሸዋንግዛው የአራዊቱ ኃላፊ ነውና ማታ ቤቱ ገብቶ፣ ጫማውን እያወለቀ፣ እንደ ዋዛ «ጎበዜ ዛሬ ሳይበላ ዋለ» አለ። ወለተሐና ሽሮዋን እያማሰለች «ታዲያስ! ጾም ገብቶ የለ?» አለችው። የተናገረችው ለቀልድ ነበር። በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ለጎረቤቷ ለዘርፌ ስትነግራት ግን ቀልድነቱ ቀነሰ፤ ዘርፌ ለሌላዋ ስትነግር ጭራሽ ጠፋ፤ ጾሙ ሳይጋመስ «የአቦ አንበሳ ነገሌ ወርዷል» ተባለ። ጻድቁ በሥዕላቸው ላይ በአንበሳና በነብር ተከበው ሲታዩ የኖሩ ናቸውና ነገሩን ለማመን ማንም አልከበደውም። ወሬው ከተማውን ዞሮ ወለተሐና ዘንድ ሲመለስ፣ ከራሷ አፍ የወጣ መሆኑን ረስታ፣ እሷም አመነች። ሄዳ ጧፍ አብርታ ተሳለች፤ በሆዷ ያለው ልጅ በደህና ከተወለደ ለአቦ ቤተ ክርስቲያን ጥላ ልታገባ።

ፊታውራሪም ሰሙ፤ ሰምተውም ደስ አላቸው። ለሚጾም ሥጋ ማሳየት ነውር ነው ብለው የጎበዜን ቀለብ አስቆሙ፤ ውሃ ብቻ ይቅረብለት አሉ። ለበዓሉ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሹም ሊመጡ ነበርና «ጾመኛ አንበሳ አሳይዎታለሁ» ብለው ላኩባቸው። ሸዋንግዛውን ደግሞ አስጠርተው፣ «እንግዳው መጥተው እስኪያዩት ድረስ ጎበዜ አንድ ነገር ቢሆን፣ ሃምሳ አለቃ፣ ዶሎ ነህ» አሉት።

ዶሎ የሚባለው ስም በዚያ ቤት አይነሣም። ባልና ሚስቱ ከዚህ በፊት እዚያ ኖረዋል። የዶሎ ሙቀት ሌሊት እንኳ አይተኛም፤ ከወንዙ የሚነሣው ንዳድ ትልቁን ሰው ጥሎ ያነሣዋል፣ ትንሹን ግን ጥሎ አያነሣም። ወለተሐና ሁለት ልጆቿን እዚያ አሸዋ ውስጥ ቀብራለች። አሸዋ ጥልቅ አይቆፈርምና አውሬ እንዳያወጣቸው ከወንዙ ዳር ድንጋይ እየተሸከመች ስትከምርባቸው ነበር የሰነበተችው። ነገሌ ተዛውረው የመጡ ዕለት፣ ከመኪናው ሳትወርድ፣ «እዚያ ዳግመኛ የምሄደው ሬሳዬ ነው» አለች። አሁን ሦስተኛውን ልጅ አርግዛለች፤ ወሩም ገፍቷል።

ስለዚህ «ጎበዜ እየሞተ ነው» ሲላት የሰማችው ስለ አንበሳ አልነበረም።

«ለምን ቀደም ብለህ አልነገርከኝም?»

«ስለት ተስለሽበት ምን ብዬ ልንገርሽ?» አለ። «ማታ ማታ እየደበቅሁ እወስድለታለሁ። መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ ይቀምስ ነበር። አሁን ይልሰውና ይተወዋል። ዛሬ ግን ቀን፣ ሰውነቱ ሳይደነዝዝ ልሞክር ብዬ ነበር። እሑድ መሆኑን ረሳሁት፤ ግቢው በሰው ይሞላል።»

ወለተሐና ጎንበስ አለች፤ እንደ ሆዷ መጠን ጎንበስ አለች ማለት ነው። ጆንያውን አነሣች። በሁለት ጣት አልነበረም፤ አቀፈችው።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«አንተ ጆንያ ይዘህ ብትገባ ምንድን ነው ይሉሃል። እኔን ማን ይጠይቀኛል?»

ጋቢዋን ከላይ ደረበችበት። ሆዷ ቀድሞውንም ወጥቷል፤ ትንሽ ቢጨምር የሚያስተውል የለም። የሥጋው ቅዝቃዜ በቀሚሷ አልፎ ገላዋን ነካት፤ ልጁም በውስጧ ተራገጠ። ሸዋንግዛው ሊከራከር አለና ኮፍያውን አንሥቶ አደረገ። ክርክር ላይ ይህ ሰው ምንጊዜም ሁለተኛ ነው የሚወጣው።

ወጡ። ጉሙ ከተማው ላይ ተኝቷል። ከሰሜን የመጣው ሰው ክረምት ይለዋል እንጂ በዚህ ወር ነገሌ ላይ ዝናብ የለም፤ ቦረኖቹ አዶሌሳ የሚሉት ደረቅ ብርድና ነፋስ ነው ያለው። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ብቅ ሳትል ትውላለች፤ ነፋሱ ቀይ አቧራ አንሥቶ ጥርስ ውስጥ ይከታል። ግመሎቹ ሳይቀሩ ለነፋሱ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። በየመንገዱ ሰው «እንኳን አደረሳችሁ፣ ወደ ጎበዜ ነው?» ይላቸዋል። «ወደ ጎበዜ ነው» ትላለች ወለተሐና፣ ጋቢዋን ጠበቅ አድርጋ።

በሩ ላይ ጋልጋሎ ቆሟል።

«አካም፣ ወለተሐና? ናጋ?»

«ናጋ፣ ጋልጋሎ። እንዴት አደረ?»

ጋልጋሎ ቦረና ነው፤ ጎበዜን ገና ደቦል ሳለ ከዱብሉቅ በኩል ያመጣው እሱ ነው፤ የአራዊቱ ጠባቂም እሱ ነው። አማርኛው ደህና ነው፤ አንቱታ የሚባል ነገር ግን አልገባለትም፤ ፊታውራሪንም «አንተ» ነው የሚላቸው፤ ፊታውራሪ ደግሞ ከሱ አፍ ሲሆን አይከፋቸውም። ጎበዜ ጾመኛ ከተባለ ወዲህ ተሳላሚዎቹ ለጋልጋሎ ስኳርና ትምባሆ ያመጡለታል። የአንበሳውን ሕመም ሳይናገር ዝም ማለቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስላልከበደው ዝም አለ፤ ኋላ ሲከብደው ጊዜው አልፎ ነበር።

«ትናንት ያመጣኸውን አልበላም» አለ ወደ ሸዋንግዛው ዞሮ። «ሰው እንዳያይ ጠዋት አወጣሁት።»

«ምኑን ነው የሚያመው?» አለች ወለተሐና።

«መጀመሪያ ጥርሱ ነው አልኩ። ቀጥሎ ብርዱ ነው አልኩ። አሁን ምንም አልልም።»

ግቢው በሰው ጢም ብሏል። ድሮ እሑድ ሲሆን ልጆች ዝንጀሮዎቹን እየተነኮሱ ይስቁ ነበር፤ ዛሬ ዝንጀሮዎቹን ዞር ብሎ ያየ የለም፤ እነሱም ተቃቅፈው ጥግ ላይ ተኮራምተዋል። ሰው ሁሉ ጎበዜ ፊት ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ተንበርክከዋል። ከብረቱ ግርጌ ጧፍ ተደርድሯል፤ ነፋሱ ያጠፋዋል፣ መልሰው ያበሩታል። ከዱብሉቅ በጭነት መኪና ተሳፍረው የመጡም አሉ።

ወለተሐና ሰዉን እየገፋች ቀረበች። የተሳለች ዕለት ዓይኗን ጨፍና ነበርና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጎበዜን አላየችውም። ዛሬ አየችው። ጎፈሩ እንደ አሮጌ ምንጣፍ ነትቦ ግንባሩ ላይ ተጣብቋል። የጎኑ አጥንት ከቆዳው ሥር ተሰልፎ ይታያል። ዳሌው ወደ ውስጥ ገብቷል። በአንድ ዓይኑ ዙሪያ ዝንብ ሰፍሯል፤ በዚህ ብርድ ዝንብ ከየት እንደመጣ እንጃ። አያባርረውም። ዓይኑ ክፍት ነው፣ ግን የሚያየው ነገር የለም።

ይህን ዓይን ታውቀዋለች። ዶሎ ላይ ሁለተኛው ልጇ ከማልቀስ ወደ ዝምታ የተሻገረ ዕለት እንዲህ ነበር የሚያያት።

ቄስ ቢረሳው ከዔሊው በኩል ቆመው ሰው ያሳልማሉ። ወደሳቸው ሄደች።

«አባ፣ የታመመ ይጾማል?»

«አይገደድም፣ ልጄ። አንቺም ነፍሰ ጡር ነሽ፣ ራስሽን አታስጨንቂ።»

«እኔን አይደለም። የታመመ አንበሳስ?»

«አንበሳ ደግሞ ምን ጾም አለው…» ብለው ጀመሩና ሰዉን አዩ። ጧፍ የያዙ ሴቶች ተሰልፈው እየጠበቋቸው ነው። «ይህኛው ካልሆነ በቀር» ብለው ጨረሱት።

«ታሟል፣ አባ። አንድ ጊዜ ለሕዝቡ ይንገሩልኝ፤ ወጣ ይበሉና ይብላ።»

«ጾም ያከሳል» አሉ ቄስ ቢረሳው፤ እሳቸውን እንኳ አክስቷቸው አያውቅም። «ደግሞ ፊታውራሪ እንግዳ ጠርተዋል። እኔ በምን አፌ ልግባበት?» መስቀሉን ግንባሯ ላይ አሳርፈው ወደሚቀጥለው ዞሩ።

ሰዉ እስኪበተን እንጠብቅ ተባባሉ። ጠበቁ። የሚወጣ የለም፤ የሚገባ ብቻ ነው። አንዲት የአውራ መንገድ ሻይ ሻጭ ሳትቀር ሱቋን ዘግታ መጣች። ጋልጋሎ ከብረቱ አጠገብ ተቀምጦ ጎበዜን ያያል፤ ትንሽ ቆይቶ ተነሥቶ መጣና ለሸዋንግዛው፣ «ከንግዲህ ብንጠብቅ የምንጠብቀው ሌላ ነገር ነው» አለው።

ሸዋንግዛው ኮፍያውን አወለቀ። ኮፍያውን አደረገ። እንደገና አወለቀ። ወለተሐና አየችው፤ ከዚህ ሰው ኮፍያ በቀር ዛሬ የሚነሣ ነገር እንደሌለ ገባት።

አሰበች። አሁን ሰው ፊት ብትሰጠውና ቢበላ ተአምሩ አበቃ። ፊታውራሪ ያፍራሉ፤ ከተማው ይሰድባታል፤ ዘርፌ ዳግመኛ እሳት አትጭርላትም። ግን ጎበዜ ይተርፋል፤ ዶሎም ባለበት ይቀራል። ስድብ ደግሞ ልጅ አይገድልም።

ጋቢዋን ገለጠች።

«ኧረ የማርያም ያለህ!» አለች ዘርፌ፣ ቀድማ ያየችው እሷ ናትና። «ሥጋ!»

«አዎ፣ ሥጋ ነው!» አለች ወለተሐና። ድምፏ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። «ከከሊፋ የተገዛ የፍየል ሥጋ ነው! ጎበዜ አይጾምም! ታሟል! ርቦታል! አሁን ሲበላ ታያላችሁ!»

ማንም ሳይደርስባት ታፋውን ከጆንያው አውጥታ በብረቶቹ መካከል ወረወረችው። ከጎበዜ አፍንጫ አጠገብ ዷ ብሎ አረፈ።

ከጎን ያለው ጅብ ሽታው ደርሶት ብረቱን በራሱ እየመታ ይጮኽ ጀመር።

ጎበዜ አፍንጫው ተንቀሳቀሰ። ራሱን ከመዳፉ ላይ አነሣ፤ እስኪያነሣው ድረስ ሰዉ ሁሉ አብሮት የሚያነሣ ይመስል ነበር። ምላሱን አወጣ፤ ሥጋውን ነካው።

«ብላ» አለች ወለተሐና በሹክሹክታ። «ብላልኝ የኔ ልጅ፣ ብላልኝ።»

ምላሱ እዚያው ሥጋው ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ሰበሰበው። ፊቱን ቀስ ብሎ ከሥጋው አዞረና ራሱን መልሶ መዳፉ ላይ አስተኛ።

እልልታው የጀመረው ከዘርፌ ነው።

ቀጥሎ ግቢው በሙሉ እልል አለ። ወንዶቹ አጨበጨቡ፤ የዱብሉቆቹ መሬት ሳሙ፤ አንዲት ሴት «የከሊፋ መሆኑን አወቀው!» እያለች ታለቅሳለች። ወለተሐና «ታሟል! ማኘክ አቅቶት ነው! ታሟል እያልኳችሁ!» ብላ ጮኸች። የሰማት የለም፤ የሰማም ቢኖር የእልልታው አካል መስሎታል። ዘርፌ መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ጉንጯን በሁለቱም በኩል ሳመቻት። «ተባረኪ! እንኳን ፈተንሽው! እኔ ልቤ ተጠራጥሮ ነበር፣ ለማን ልናገር? አሁን አረፍኩ!» አለቻት። ቄስ ቢረሳውም በሩቁ መስቀላቸውን ከፍ አድርገዋል።

ወለተሐና በዘርፌ ትከሻ ላይ አሻግራ ጎበዜን ታያለች። ጎኑ ከፍ አለ፤ ዝቅ አለ። ሰዉ እልል ይላል። ከፍ አለ። ዝቅ ሲል ዘገየ። ከዚያ በኋላ ከፍ እስኪል ጠበቀች። ዝንቡ ከዓይኑ ዳር ተነሥቶ ዓይኑ መሐል አረፈ።

ወደ ጋልጋሎ ዞረች፤ እሱም አይቷል። ወደ ባሏ ዞረች፤ ሸዋንግዛው ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዟል። ሌላው ሰው ሁሉ ለሞተው እልል ይልለታል።

ፊታውራሪ ጉግሳ እልልታውን ሰምተው ካፖርታቸውን ደርበው ከቤታቸው ወጡ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። «ተፈተነ፣ ፊታውራሪ! ሥጋ ተወርውሮለት አልነካም!» አላቸው ሁሉም በአንድ አፍ። ፊታቸው በራ። በከዘራቸው እየተመረኮዙ እስከ ብረቱ ቀረቡ፤ ጎንበስ ብለው አዩ። ፈገግታው ከንፈራቸው ላይ እንዳለ ቀረ፤ ከዓይናቸው ግን ሄደ። የዋህ ሰው አይደሉም፤ ለማወቅ ሁለተኛ ማየት አላስፈለጋቸውም።

ቀጥ አሉና ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ወገኖቼ» አሉ፣ ድምፃቸው ሳይነቃነቅ። «ጎበዜ ሱባኤ ገብቷል። ከአሁን ጀምሮ ሰው አያየውም። በሰላም ግቡ።»

ሰዉ እጅ እየነሣ፣ ጀርባውን ለጎበዜ ላለመስጠት ኋሊት እየሄደ ወጣ። ቄስ ቢረሳው ነገሩ ሳይገባቸው አልቀረም፤ ከሁሉም ቀድመው ነው የወጡት። በሩ ተዘጋ። ነፋሱ የመጨረሻዎቹን ጧፎች አጠፋቸው።

«መቼ ነው?» አሉ ፊታውራሪ።

«አሁን፣ እልልታው ላይ ነው ጌታዬ» አለ ሸዋንግዛው።

«ማን ያውቃል?»

«እኛ ሦስታችን።»

እኔ ብቻ ነኝ ማለት ይችል ነበር። እንዲህ ያለው መልስ ግን ለሸዋንግዛው ሁልጊዜ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው የሚመጣለት።

ፊታውራሪ ከዘራቸውን መሬቱ ላይ አሽከረከሩ። «እንግዲያው ሦስታችሁም ዶሎ ናችሁ» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የቤት ዕቃ ቦታ የሚያዛውሩ ነው የሚመስሉት። «ነገ ጠዋት ወደዚያ የሚሄድ መኪና አለ። በዶሎ መንገድ አንበሳ ይታያል ይሉኛል። በጎፈር ይህን የሚመስል ይዛችሁልኝ ኑ። እስክታገኙ እዚያው ትቀመጣላችሁ። ቤቱን ለሚተካህ ሃምሳ አለቃ እሰጠዋለሁ።»

«እሷ ትቅር፣ ፊታውራሪ» አለ ሸዋንግዛው። ጉልበቱ መሬት ነክቷል። «እኔ ብቻዬን ልሂድ። ወሯ ገብቷል።»

«አፏስ? እሱም ይቅር?»

ወለተሐና ቀረበች። እጇ ላይ የሥጋው ደም ደርቋል፤ ያንኑ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። «ፊታውራሪ፣ ዶሎ ሁለት ቀብሬያለሁ» አለች። «ምንም አልናገርም። በማርያም እምላለሁ። በዚህ በጾሟ።»

ፊታውራሪ አዩዋት። ለአፍታ ያዘኑ መሰለ፤ ምናልባትም አዝነው ይሆናል። «የጎበዜን ጾም መጀመሪያ ያወቀችው የሃምሳ አለቃ ሚስት ናት ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉ። «ዛሬም የፈተነችው እሷው ናት ይላሉ። ከተማው ሁሉ ነገ በሩሽ ላይ ነው የሚያድረው፤ ስንቱን ዝም ትይዋለሽ? ሂጂ ልጄ። በረከቱ ይከተልሻል።»

ካፖርታቸውን ሰብስበው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ጅቡ አሁንም ይጮኻል። ጋልጋሎ በረጅም እንጨት ታፋውን ከጎበዜ አፍንጫ ሥር ጎተተና ወደ ጅቡ በኩል አሳለፈው፤ ጩኸቱ ወዲያው ቆመ፤ የአጥንት መሰበር ተሰማ። ሸዋንግዛው ከተንበረከከበት አልተነሣም። ሚስቱ ክንዱን ይዛ አነሣችው፣ ጉልበቱ ላይ ያለውን አቧራ አራገፈችለት፤ እሱ ያለቅሳል፣ እሷ ገና አላለቀሰችም። እሷ የምታስበው ስለ መኪናው ነው፤ መንገዱ ስንት ቦታ እንደሚያንገጫግጭ፣ ልጁ መንገድ ላይ ቢመጣ ማን እንደሚቀበለው፣ ከደረሱስ በኋላ እነዚያ ድንጋዮች እንደከመረቻቸው ይሆኑ እንደሆነ። አንድ መውጫ ብቻ ነበር የቀራት፤ አንበሳ ቶሎ ማግኘትና ቶሎ መመለስ።

«ጋልጋሎ» አለች። «በዶሎ መንገድ እውነት አንበሳ ይገኛል?»

ጋልጋሎ የጎበዜን ቤት እየቆለፈ ነበር፤ ለምን እንደሚቆልፈው እንጃ። ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«አንበሳስ ሞልቷል» አላት። «ይጾማል ወይ ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም።»